ሣጥኑን ለከተማው የከፈተ ሰው

ስለ ሌላ ሰው በጎ ሥራ ከመጻፌ በፊት ስለ ራሴ ጥፋት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያለዚያ ይህን ጽሑፍ ለምን እንደ ጻፍሁት አይገባችሁም።

የተወለድሁት ቆቦ ነው። ከወልዲያ ወደ አላማጣ በመኪና ያለፈ ሰው ሁሉ አገራችንን ያውቃታል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በስተምዕራብ ደጋው፥ በመካከሉ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ነው። አያቴ የሚኖሩት ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። በጓዳቸው አንዲት የእንጨት ሣጥን ነበረቻቸው። በውስጧም ከእናታቸው የወረሱት የብር ድሪ፥ ሁለት የእግር አልቦና በክር የተሰኩ ስድስት ጠገራ ብሮች ይቀመጡ ነበር። ሣጥኗ የምትከፈተው ለበዓልና ለሠርግ ብቻ ስለ ነበረ እኛ ልጆች ውስጧን ለማየት በዓሉን እንቈጥር ነበር።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤት መጣሁ። በዚያ ሰሞን አሮጌ ብር የሚገዛ አንድ ነጋዴ ሚዛኑን ይዞ በመንደሩ ሲዞር ወደ አያቴም ቤት ገባ። አያቴ ወዲያው እሺ አላሉም። «የተማረው ልጅ ይምጣና ይየው» ብለው አስጠሩኝ። ሚዛኑን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ «እማማ፥ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል? ይሸጥ» ያልሁትም እኔው ነኝ። ነጋዴው አላታለለንም። በግራም መዘነ፥ በግራም ከፈለ። አንድ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስድስቱ፥ ድሪውና አልቦው ተደምረው ዋጋቸው ወጣ። ነጋዴው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከቶ አሰረው። ከገንዘቡ ከፊሉ ለቤት ወጪ ዋለ፤ ከፊሉ ለእኔ የስልክ መግዣ ሆነ። ስልኩ ዓመት ሳይሞላው ተበላሸ።

በዚያ ቀን አያቴ ምንም አላሉም። ነጋዴው ከወጣ በኋላ ግን ባዶውን ሣጥን ከፍተው ውስጡን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየኋቸው። የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

ክረምቱ አልቆ ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ። እኔን የመንግሥት ምደባ የጣለኝ ሐረማያ ነበር። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር ከተማ የሚርቀው ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ተማሪው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐረር ይወርዳል። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር በጀጎል ግንብ ውስጥ በጠባቡ መንገድ ስንዘዋወር ባለ እንጨት ሰገነት ከሆነ አንድ ትልቅ ቤት ደረስን። የራስ መኮንን ቤት ነው አሉን፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። ለማረፍ ያህል ገባን።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሙዚየም ሲባል የነገሥታት ዘውድና የነገሥታት አልጋ የሚቀመጥበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ቤት ያየሁት ግን ሌላ ነው። በእጅ የተጻፉ ቁርዓኖችና የሕግ መጻሕፍት፥ ሐረር በአሚሮቿ ዘመን ራሷ ያሳተመቻቸው ሳንቲሞች፥ ጎራዴና ጋሻ፥ የሐረር ሴቶች የሰፏቸው ባለ ብዙ ቀለም ስፌቶች ተደርድረዋል። ከመስተዋት በስተኋላ ደግሞ የሴቶች የብር ጌጥ ነበረ። በዚያ ፊት ቆሜ ቀረሁ። የአያቴ ድሪ አልነበረም፤ የሐረር ጌጥ ሌላ፥ የራያ ጌጥ ሌላ ነው። ነገር ግን አንዱ እዚህ በክብር ተቀምጦ ሌላው በከረጢት ታስሮ የሄደበት ምክንያት ምንድን ነው? ሁለቱም ብር ነው፤ ሁለቱም የሙሽራ ጌጥ ነው፤ ሁለቱም በእናት ሣጥን ውስጥ ኖሯል። ልዩነቱ በሐረር በኩል አንድ ሰው መኖሩ ነው።

ያ ሰው አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ይባላሉ። የሐረር ተወላጅ ናቸው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ ባሉት ዓመታት የከተማቸውን ቅርስ ከየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። አንዳንዱን በገዛ ገንዘባቸው ገዙ፤ አንዳንዱን ባለቤቶቹ በስጦታ አመጡላቸው። ሰው «አሮጌ ወረቀት» የሚለውን እርሳቸው መጽሐፍ አሉት። ከ1,000 በላይ የእጅ ጽሑፎች በዚህ መንገድ ተሰበሰቡ። ሐረር ከጥንት ጀምሮ የመጽሐፍ ቅጂና የጥረዛ ከተማ ነበረች፤ ነገር ግን ሙያው ተዳክሞ ነበር። አቶ አብዱላሂ የተገነጠለውን መጽሐፍ መጠገንና መጠረዝ ተምረው ሙያውን እንደገና አንቀሳቀሱት።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የአንድ ሰብሳቢ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ዕቃ የሚሰበስብ ሰው በዓለም ላይ ብዙ ነው። አንዳንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ አንዳንዱ ሥዕል፥ አንዳንዱም ቤት። ሰብስቦ ግን ይቆልፋል። አቶ አብዱላሂ እ.ኤ.አ. በ1998 የመኖሪያ ቤታቸውን በር ከፍተው ስብስቡን ለሕዝብ አሳዩ። በአገራችን የመጀመሪያው የግል ሙዚየም ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የሐረሪ ክልል የራስ መኮንንን ቤት ለዚሁ ሥራ ሰጠ፤ ስሙም ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ተባለ። የአንድ ሰው ስምና የአንድ ከተማ ስም በአንድ ሠሌዳ ላይ ተጻፉ ማለት ነው።

በዚያ ሳምንት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በሌላ አገር እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩ ሰዎች እንዳሉ ፈለግሁ። ካገኘኋቸው መካከል የሁለቱን ታሪክ ላጫውታችሁ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

አንደኛው የፍራንክፈርቱ ዮሐን ፍሪድሪኽ ሽቴድል ነው። የባንክና የቅመማ ቅመም ነጋዴ ነበር። ልጅ አልነበረውም። ያለውን ገንዘብና የሰበሰባቸውን 500 ያህል ሥዕሎች ለከተማው ሕዝብ መማሪያ እንዲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1815 በኑዛዜ ሰጠ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሞተ። ወዲያው የሩቅ ዘመዶቹ ተነሥተው ፍርድ ቤት ቆሙ። ክርክራቸው ይህ ነበር፦ ወራሽ የተባለው ተቋም ሰውዬው በሞተበት ሰዓት ገና አልተቋቋመም፤ ያልተወለደ እንዴት ይወርሳል? ሙግቱ እስከ 1828 ድረስ ቆይቶ በስምምነት አለቀ። ሙዚየሙ ዛሬም በፍራንክፈርት በስሙ ይጠራል፤ ነገር ግን በጎ ሐሳብ የሕግ ቀዳዳ ቢኖርበት አሥራ ሁለት ዓመት ሊታሰር እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ሁለተኛው የለንደኑ ሐኪም ሰር ሐንስ ስሎን ነው። እ.ኤ.አ. በ1753 ሲሞት 71,000 ያህል ዕቃ ትቶ ነበር። ለወራሾቹ 20,000 ፓውንድ ቢከፈላቸው ሁሉም ለአገሩ እንዲሆን ተናዘዘ፤ የብሪታንያ ሙዚየም ከዚህ ተወለደ፤ በ1759ም ለሕዝብ ተከፈተ። ሀብቱ ከፊሉ ከጃማይካ የባሮች እርሻ የመጣ መሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል፤ የሚሰጥ እጅ ሁሉ ንጹሕ እጅ ነው ማለት አይደለምና።

ይህ ሁለተኛው ታሪክ እኛን የወሎን ልጆች በቀጥታ ይነካናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሪቻርድ ሆምዝ የሚባል ሰው አብሮ መጥቶ ነበር። ሆምዝ ወታደር አልነበረም፤ ከዚያው ስሎን በኑዛዜው ካስመሠረተው ሙዚየም የተላከ ሠራተኛ ነበር። የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደና በሐራጅ ተሸጠ። ሆምዝም በሙዚየሙ ገንዘብ ገዛ። ደላንታ ከእኛ ከቆቦ በስተደቡብ ምዕራብ ያለ ጎረቤት አገር ነው። በዚያ ሜዳ የተሸጡ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ናቸው፤ እኛ ልናያቸው ብንፈልግ ቪዛ እንጠየቃለን።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተቈጣሁ። በኋላ ግን አፈርሁ። በደላንታ ሜዳ ሐራጅ የተካሄደው በጦር ኃይል ነው። በአያቴ ጓዳ ሐራጅ የተካሄደው ግን በእኔ ፈቃድ ነው። ማንም ጠመንጃ አልደገነብኝም። ሆምዝ ቢያንስ የገዛውን በመዝገብ ለሚጽፍ ቤት ነበር የሚገዛው፤ እኔ ያሸጥሁት ድሪ ግን ወዴት እንደ ሄደ፥ ቀልጦ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም።

ትምህርቴን ጨርሼ በትውልድ አገሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ሆንሁ። እንደምታውቁት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በቆቦና በአካባቢዋ አልፏል። ሰው ቤቱን ዘግቶ ሸሸ፤ ሲመለስ በሩ የተከፈተ፥ ሣጥኑ የተገለበጠ ቤት ያገኘው ብዙ ነው። በደሴ ያለው የወሎ ሙዚየም እንኳ በ2014 ዓ.ም. ተዘርፏል። ስለዚህ «ዕቃን ወደ ሙዚየም ማግባት ፍጹም ዋስትና ነው» ብዬ አልሰብካችሁም። አይደለም። ነገር ግን የተመዘገበ ዕቃ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱ ይታወቃል፤ ፈላጊም ይኖረዋል። ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ ግን እንዳልነበረ ይሆናል።

በዚህ አሳብ ተነሥቼ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ትንሽ ሥራ ጀመርን። ርእሰ መምህሩ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥን ፈቀዱልን። ሕጋችን ሦስት ነው። አንደኛ፥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም ተማሪ ከቤቱ ዕቃ አያመጣም። ሁለተኛ፥ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ንብረት አንቀበልም፤ እርሱ የራሱ ጠባቂ አለው። ሦስተኛ፥ የመጣው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፦ ምንነቱ፥ የሰጠው ሰው፥ ከማን እንደ ወረሰው፥ ምን ይሠራበት እንደ ነበር፥ የተሰጠው በስጦታ ይሁን በአደራ።

በመጀመሪያው ወር የመጣው ሁለት ዕቃ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዷ ልጅ የአያቷን የወተት ግሬራ አመጣች፤ የጭሱ ሽታ ገና አልለቀቀውም። አንዱ ልጅ አባቱ ልጅ ሳለ ቁርዓን የተማረበትን የእንጨት ሉሕ ይዞ መጣ። ሌላው የዳዊት ማኅደር አመጣ፤ ዳዊቱ ራሱ የለም፥ ማኅደሩ ብቻ ነው የቀረው። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። እነዚህ ልጆች ጎረቤታሞች ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ቤት ዕቃ ቀርቦ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ በኋላ መዝገቡን ይዤ አያቴ ዘንድ ሄድሁ። ዕቃ ልጠይቅ አልነበረም፤ ዕቃውን አስቀድሜ አሸጥቼዋለሁና። ታሪኩን ልጽፍ ነበር። ድሪውን ማን እንደ ሠራው ጠየቅኋቸው። ለእናታቸው ሠርግ አንድ አንጥረኛ እንደ ሠራው፥ የሠሪው ዋጋም አንዲት ጊደር እንደ ነበረች ነገሩኝ። ያንን ሁሉ በደንብ ጻፍሁ። ስጨርስ አያቴ ጥቂት ዝም አሉና፥

«ጠገራው ስንት ነበር ብለህ ጻፍህ?» አሉኝ።

«ስድስት፥ እማማ።»

«ሰባት በል። አንዱን ደብቄብህ ነበር» አሉና የመቀነታቸውን ጫፍ ፈቱ።

ጠገራው ከዚያ ወጣ። በጦርነቱ ጊዜ ሲሸሹም በዚያው መቀነት ታስሮ ነበር። የእቴጌዪቱ ፊት በመዳበስ ብዛት ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ 1780 የሚለው ቍጥር ግን ይነበባል። እንግዲህ የጠገራ ሁሉ ቍጥር 1780 ነው፤ ኋላ የታተመውም ቢሆን በዚያው ዓመት ስም ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዕድሜውን የሚነግረን ቍጥሩ ሳይሆን የአያቴ ቃል ብቻ ነው። አያቴ ባይናገሩ ኖሮ ጠገራው ከሌላው ጠገራ በምንም አይለይም ነበር።

«ለአንተ አልሰጥህም፤ ትሸጠዋለህ» አሉኝ ሳቅ እያሉ። «ለዚያ ለመዝገቡ ግን እሰጣለሁ። እስካለሁ ከእኔ ይቆይ፤ ስሞት ለልጆቹ ይሁን።»

ውድ አንባቢያን፤ ይህ ኑዛዜ ነው። ያን ጊዜ የፍራንክፈርቱ ነጋዴ ትዝ አለኝ። አያቴ ሲያልፉ ዘመድ ተሰብስቦ «አሮጊቷ እንዲህ ብላ ነበር» ቢባል ማን ያምናል? ሕግ የሚያውቅ ባልደረባዬን ጠየቅሁና የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አሳየኝ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ጽፎት ወይም በቃሉ አጽፎት፥ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም በጽሑፉ ውስጥ መገለጽ፥ ሁሉም መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ሌላው መንገድ ተናዛዡ ሁሉንም በገዛ እጁ መጻፍ ነው። በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወጣቶች ይህን ብታውቁ ለወላጆቻችሁም ለጎረቤቶቻችሁም ትጠቅማላችሁ፤ በየቀበሌው ስንት ሙግት የሚነሣው በአፍ ከቀረ ቃል ነው።

በሚቀጥለው እሑድ አራት ጎረቤቶች ቡና ተጠርተው መጡ። እኔ የሚደርሰኝ ነገር ስለሌለ ጸሐፊው እኔ ሆንሁ። «ወደ ፊት ለሚቋቋመው የቆቦ ሙዚየም» ብዬ ልጀምር አልሁና ያልተወለደ እንደማይወርስ አስታውሼ ተውሁት፤ «ለትምህርት ቤቱ፥ በመዝገቡ ውስጥ እንዲጠበቅ» ብዬ ጻፍሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። አያቴ በአውራ ጣታቸው አተሙ፤ ምስክሮቹም ፈረሙ። ከመካከላቸው አንዱ ሽማግሌ ብዕሩን ሲመልሱልኝ፥

«ለአንድ ጠገራ አራት ምስክር! በእኛ ጊዜ ለበሬም ይህ ሁሉ አልነበረ» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ሲወጡ ግን በር ላይ ያዙኝና ጎጆዋቸው ውስጥ የአባታቸው ጋሻ ተሰቅሎ እንዳለ፥ ልጆቻቸው ለቱሪስት ይሸጥ እያሉ እንደሚነዘንዟቸው በጆሮዬ ነገሩኝ።

ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ሲጀመር አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ከሰበሰበው ዕቃ ነው የተነሣው። እኛ ሙዚየም የለንም፤ ቁም ሣጥን ነው ያለን። ይህን የምጽፈው የሐረሩን ሰው ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ እርሳቸው ያደረጉትን ከእኛ መካከል አብዛኛው ሰው ማድረግ አይችልም። ዕድሜ ሙሉ ይጠይቃል፥ ገንዘብም ይጠይቃል። ነገር ግን ከሥራቸው አንዱ ክፍል በሁላችንም እጅ ነው፤ ይኸውም ከመሸጡ በፊት መጠየቅ ነው። ይህን ማን ሠራው? ከማን ወረሱት? ከእርስዎ በኋላስ የማን እንዲሆን ይፈልጋሉ? ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ያን ጊዜ ሚዛኑን ከማየቴ በፊት ሦስቱን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፥ አያቴ ቢሸጡት እንኳ ታሪኩ አይሸጥም ነበር።

ጠገራው ዛሬም በአያቴ መቀነት ጫፍ ታስሯል፤ ዕድሜ ይስጣቸውና ለብዙ ዘመን በዚያው ይቆይ። በመዝገባችን ግን በተራ ቍጥር 23 ተጽፏል። ከጎኑ ሌላ መስመር አስምሬ አንድ ድሪ፥ ሁለት አልቦና ስድስት ጠገራ ብዬ ጻፍሁ፤ «የሰጠው ሰው» በሚለው ዓምድ ውስጥም «የተሸጠ፤ ያሸጠውም ይህን መዝገብ የሚጽፈው ነው» የሚል ቃል አኖርሁ። ተማሪዎቼ ያንን መስመር ሲያነቡ ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ አልፍቀውም ግን።